መቋሚያ የያዘው ዛፍ

ባለቤቴ በወለደች በሃያኛው ቀን እኔንና እናቴን ከቤት አባረረችን። በቃሏ ያለችው "እስቲ ትንሽ ወጣ በሉልኝ" ነው። ፊቷን ላየ ግን ማባረር ነበር።

እውነቷን ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። እማዬ ከወረታ አራስ ለመንከባከብ የመጣችው በኅዳር መጀመሪያ፣ በ2017 ዓ.ም. ነው። ሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ይልቅ በሶና የገንፎ ዱቄት ይበዛ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤቱን ወረሰች። በሁለተኛው ሳምንት መደርደሪያውን በሙሉ እንደ አዲስ አደራጀችው። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ማማሰያ ፍለጋ አምስት መሳቢያ ከፍታ አጣች። እማዬን ብትጠይቃት "እኔ እንጃ፣ አንድ ቦታ ይኖራል" አለቻት። "ወጣ በሉልኝ" የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ቤት ነበርኩ። እዚህ ጃፓን አገር አባትም ልጅ ሲወለድለት ፈቃድ አለው። በስምንት ሳምንት ውስጥ እስከ አራት ሳምንት መውሰድ ይቻላል። ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ከብረት ጋር ስታገል ኖሬ እንደዚህ ያለ ረጅም ዕረፍት አግኝቼ አላውቅም።

የምንኖረው ቶኪዮ፣ ካጹሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮጹጊ ሰፈር ነው። በዚህ ከተማ ሀበሻ ሰብሰብ ብሎ የሚገኘው እዚህ ነው። ትናንሽ ፋብሪካ፣ ጠባብ መንገድ፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ቤቶች። ግቢ የለም። ሰዉ ደጁ ላይ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ የአበባ ማሰሮ ደርድሮ ይተክላል። እማዬ ደግሞ ግቢ የለመደች ሴት ናት። ወረታ ያለው ቤቷ ጌሾ አለው፣ ጤና አዳም አለው፣ ዳማከሴ አለው፣ ዘይቱንና ማንጎ አለው። ጠዋት ተነስታ እነሱን ሳትዞር ቡና አትጠጣም።

እዚህ ስትመጣ የምትዞረው ስታጣ የጎረቤታችንን ማሰሮዎች መዞር ጀመረች። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ትወጣና የሴትዮዋን ደረቅ ቅጠል ትለቅማለች። "ኧረ እማዬ፣ የሰው ነው" ስላት "ደርቋል እኮ" ትለኛለች። ፖሊስ ይጠራብናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ወጡና እጅ ከፍንጅ ያዟት። ጎንበስ አሉ። እማዬም ጎንበስ አለች። ሴትዮዋ ተመልሰው ገቡ፤ መቀስ ይዘው መጡና ለእማዬ ሰጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ጓደኛሞች ሆኑ።

እማዬን የምወስድባቸውን የቶኪዮ የአትክልት ቦታዎች ዝርዝር የሰጡኝ የፋብሪካው አለቃዬ ናቸው። ስልክ ደውለው "እናትህን የት የት ወሰድካቸው?" አሉኝ። "ሱፐርማርኬት" አልኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይቶ አራት ስም በመልእክት ላኩልኝ። ኪዮሱሚ፣ ኮራኩኤን፣ ሪኩጊኤን፣ ሃማሪኪዩ። አራቱም የድሮ መሳፍንትና ባለጠጎች ግቢ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ የከተማው ናቸው። አራቱንም በባቡር ከአጠገባቸው አልፌያለሁ። አንዱንም ገብቼ አላውቅም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው።)

ኪዮሱሚን ያስቀደምነው ቅርብ ስለሆነ ነው። ከዮጹጊ ኦሺያጌ፣ ከዚያ በሃንዞሞን መስመር ሦስት ፌርማታ። መግቢያው 150 የን ነው፤ ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ደግሞ 70 የን። እማዬ ፓስፖርቷን አሳይታ 70 ስትከፍል "ምነው ቀነሱልኝ?" አለች።

"ለአዛውንት ነው፣ ክብር ነው" አልኳት።

"ክብር ከሆነማ በነፃ ያስገቡኝ ነበር።"

እንደገባን ሰው ሁሉ ኩሬውን ፎቶ ያነሳል። እማዬ ያየችው ድንጋዩን ነው። ቦታው በድንጋይ የተሞላ ነው። ጠፍጣፋ፣ ሹል፣ ሰማያዊ፣ ቀላ ያለ፣ አንዳንዱ በሬ የሚያክል። ብዙዎቹ አጠገብ ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ ምልክቶች ቆመዋል። አነበብኩላት። የኢዙ ድንጋይ። የሳዶ ቀይ ድንጋይ። የኢዮ ሰማያዊ ድንጋይ። ሁሉም የአገር ስም ነው። ሳዶ ከቶኪዮ በተቃራኒው ባሕር ያለች ደሴት ናት። ኢዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሽኮኩ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ቦታውን በ1878 የገዛው ኢዋሳኪ ያታሮ ነው፤ የሚትሱቢሺ መሥራች። መርከብ ነበረው። እሱና ወራሾቹ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር ድንጋይ በመርከብ እያስጫኑ እዚህ አስመጡ።

"ድንጋይ? በመርከብ?"

"አዎ።"

"የሚመክረው ዘመድ አልነበረውም?"

እማዬ ወረታ ላይ 34 ዓመት ሳይንስ አስተምራለች። ድንጋይ ለእሷ ከማሳ ተለቅሞ ዳር የሚጣል ነገር ነው።

ኩሬው ዳር ዳሩን፣ ውሃው ውስጥ የተተከሉ ትልልቅ መረማመጃ ድንጋዮች አሉ። ጉልበቷን ስለሚያማት በጎን እንዙር አልኳት። እንቢ አለች። እጄን ይዛ ገባች። ድንጋዮቹ ርቀታቸው እኩል አይደለም፤ ስለዚህ ቀና ብሎ መሄድ አይቻልም። እግርህን እያየህ ነው የምትራመደው። መሐል ላይ ግን ሰፋ ያለ ድንጋይ ይመጣል፤ እዚያ ላይ እግር ያርፋል፣ አንገትም ይቃናል። ያኔ ኩሬው በሙሉ ከፊትህ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር መሆኑ የገባኝ በሦስተኛው ሰፊ ድንጋይ ላይ ነው። ከኋላችን ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ማንም አልተነፈሰም። እማዬ ኤሊ ትቆጥራለች። አሥራ አንድ።

አግዳሚ ወንበር ላይ አርፈን ሳለ ስለ 1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነገርኳት። ሴፕቴምበር 1፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው። ሰዉ ምሳ ለማብሰል እሳት አንድዶ ነበር። ቤቱ ሁሉ እንጨት። ከዚህ ብዙ በማይርቅ አንድ ሰፊ ባዶ ሜዳ ላይ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ ተጠለለ፤ እሳቱ አውሎ ነፋስ ሆኖ መጣና ወደ 38 ሺህ የሚጠጋ ሰው እዚያው አለቀ። እዚህ ኪዮሱሚ የገባው ግን ዛፍና ውሃ ከበበው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተረፈ። በዓመቱ የኢዋሳኪ ቤተሰብ ጉዳት ያልበዛበትን ምሥራቃዊውን ግማሽ ለከተማው ሰጠ። ለሕዝብ የተከፈተው በ1932 ነው።

ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ቅድም የተናገርኩትን ሰውዬ፣ ስሙን ድገምልኝ።"

"ኢዋሳኪ።"

"ነፍሱን ይማር።"

ስንወጣ ሰፈሩ የቡና ቤት ሰፈር ነው፤ በየጥጉ ቡና ይቆላል። አንዱ ሰሌዳ ላይ ጉጂና ይርጋጨፌ አየሁና ገባን። አንድ ስኒ 600 የን። እማዬ ቀመሰችና "ታጥቦ የተጣለ ውሃ ነው" አለች። ስለዚህ ቡና ቤት ሌላ አልጽፍም።

ሁለተኛው ጉዟችን በእኔ ጥፋት ተበላሸ። ቤተ መንግሥቱን ላሳያት ብዬ ነበር። የንጉሡ ግቢ ምሥራቃዊ የአትክልት ቦታ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። ሰኞና ዓርብ ግን ዝግ ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ይህን ያወቅኩት በሩ ፊት ቆመን፣ ጥበቃው በትሕትና ሁለት ክንዱን አጣምሮ የኤክስ ምልክት ሲያሳየኝ ነው።

እማዬ የተወለደችው በ1949 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ጃንሆይ ጃፓንን ጎብኝተዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱ የተቀበለችው የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር እሳቸው ነበሩ። ለማጽናኛ ይህን ነገርኳት።

"እሳቸው በዓርብ አልመጡማ" አለች።

በባቡር ጥቂት ፌርማታ ሄደን ኮይሺካዋ ኮራኩኤን ገባን። ይህ ከአራቱም አንጋፋው ነው። የተጀመረው በ1629 ነው፤ አገሩን ይገዙ ከነበሩት የጦር አለቆች፣ ከሾጉኖቹ፣ ቤተሰብ የሚቶ ቅርንጫፍ የሆነው ቶኩጋዋ ዮሪፉሳ ጀመረው፣ ልጁ ሚጹኩኒ ጨረሰው። ዛሬ አጠገቡ ትልቁ የቤዝቦል ስታዲየም አለ። ከዛፎቹ በላይ ነጭ ጣሪያው እንደ ተነፋ ሊጥ ይታያል። ከስታዲየሙ ጎን መዝናኛ አለ፤ በየአምስት ደቂቃው ከሰማይ የልጃገረዶች ጩኸት ይመጣል። በመጀመሪያው ጩኸት እማዬ ቆመች፣ አማተበች። ጨዋታ መሆኑን ሳስረዳት "ከፍለው ነው የሚጮሁት?" አለች። ከዚያ በኋላ በጮኹ ቁጥር ትስቃለች። እኔ ግን ጩኸቱ አናደደኝ። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ኩሬ ዳር ቆመህ ጆሮህ ውስጥ "ዋይ!"

የቦታው ስም የመጣው ከአንድ የቻይና ሊቅ አባባል ነው። ሐሳቡ፣ ገዢ የሆነ ሰው ከሕዝቡ ቀድሞ ይጨነቅ፣ ከሕዝቡ በኋላ ይደሰት የሚል ነው። "ኮራኩ" ማለት ኋላ መደሰት ነው። ይህን ስነግራት አልተደነቀችም። እሷ ቤት ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የምትበላው፤ ትሪው ላይ የቀረውን። ለእሷ ይህ ፍልስፍና አይደለም፣ ማክሰኞ ነው።

የወደደችው ሩዙን ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከቀዩ ድልድይ ወዲያ፣ አንዲት ትንሽ የሩዝ ማሳ አለች። ታጭዳ ነበር፤ ቆረኑ ብቻ በመስመር ቀርቷል። ሌላው ጎብኚ ሞሚጂ ለሚባለው ዛፍ ቀይ ቅጠል ሲጋፋ እማዬ ባዶ ማሳ ፊት ሩብ ሰዓት ቆመች። ሰው ሳያያት ጎንበስ ብላ ጭቃውን በጣቷ ነካች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረታ የፎገራ ከተማ ናት፤ ፎገራ ደግሞ ሩዝ ነው። ሩዝ ፎገራ የገባው በእማዬ ዕድሜ ነው። ውሃ የሚተኛበት፣ ለጤፍ የማይመች ሜዳ ነበር፤ አሁን እንጀራውም ከጤፍ ጋር ሩዝ ተቀላቅሎበት ይጋገራል። ከተማው ውስጥ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ ጃፓኖች ያግዙታል። እማዬ ጃፓን ሲባል ቀድሞ የሚመጣላት ካይዘንም መኪናም አይደለም። ቦት ጫማ አድርገው ጭቃ ውስጥ የሚገቡት የሩዝ ሰዎች ናቸው።

"ይቺን ማን ነው የሚዘራት?" አለችኝ።

ሰሌዳውን አነበብኩላት። ሚጹኩኒ ማሳዋን ያሠራት ለወራሹ ሚስት ነው፤ በቤተ መንግሥት ያደገች ሴት የገበሬን ድካም እንድታይ። ዛሬ የሚተክሏትም የሚያጭዷትም የወረዳው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

"ከስንተኛ ክፍል?"

አላውቅም አልኳት። ቅር አላት። መምህርት ናት፤ ይህ ዋናው ጥያቄ ነበር።

እዚያው ኩሬው ዳር ሠራተኞች መሰላል ተክለው ለበረዶ ይዘጋጁ ነበር። ከዛፉ ጎን ረጅም እንጨት ያቆማሉ፤ ከእንጨቱ ጫፍ ብዙ ገመድ ወደ ታች ዙሪያውን ይለቃሉ፤ እያንዳንዱን ገመድ ከአንድ ቅርንጫፍ ጋር ያስራሉ። በረዶ ቢከመርበት ቅርንጫፉ እንዳይገነጠል ነው። ቶኪዮ ውስጥ እንደዚያ ያለ በረዶ የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው፤ ግን በየዓመቱ ያስራሉ። ሲያልቅ ከሩቅ የሚታየው ሾጣጣ ነገር ነው።

"ጎጆ ጀምረው ሣር አጡ" አለች እማዬ። እውነትም ያልተከደነ ጎጆ ይመስላል፤ ማገሩ ሁሉ አለ፣ ክዳኑ የለም።

ሪኩጊኤንን ባጭሩ ላውራው። ሰው በዛበት። የሞሚጂው ወቅት ነበርና ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ሰልፍ ነው። ለእኔ ግን በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ያናጊሳዋ ዮሺያሱ የተባለ የሾጉኑ ባለሟል በ1702 የጨረሰው ሲሆን፣ ከድሮ ግጥሞች ተወስደው ስም የተሰጣቸው 88 ቦታዎች ነበሩበት። ማለትም ግቢውን የምትሄደው ግጥም እያነበብክ ነው። ኮረብታው አንድ መስመር ነው፣ ድንጋዩ አንድ መስመር ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቢያየው ደስ ይለው ነበር። እማዬ ግን ቅኔ ቤት አልዋለችም፤ ሰልፍም አትወድም። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል 35 ሜትር ነው፤ "ፉጂሺሮ መተላለፊያ" የሚል ትልቅ የተራራ ስም ተሰጥቶታል። እንውጣ ስላት ሽቅብ አየችውና "ይሄን ነው ተራራ የሚሉት?" አለች። 1,800 ሜትር ላይ የኖረች ሴት ናት። አልወጣችም። እኔ ወጥቼ ስመለስ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት አግኝታ ስለ አንቀልባ በምልክት ስታስረዳ ደረስኩ።

ሃማሪኪዩን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ስለሚርቅ ነው። ሺዮዶሜ ከሚባለው ሰፈር ፎቆች ሥር ነው፤ ፊቱ ከተማ፣ ጀርባው የቶኪዮ ወሽመጥ። የሾጉኖቹ የባሕር ዳር መዝናኛ ነበር።

ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ ሦስት መቶ ዓመት የሚሉት ዛፍ አለ። ማጹ ነው፤ እኛ ፓይን የምንለው። ስድስተኛው ሾጉን ግቢውን ባሳደሰበት ጊዜ፣ በ1709፣ የተተከለ ነው ይባላል። እንደ ዋርካ ወደ ላይ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ዝቅ ብሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። ክብደቱን ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ከየቅርንጫፉ ሥር እንጨት ተደግፎለታል፤ አሥር ይሁን አሥራ አምስት፣ አልቆጠርኩትም።

እማዬ ቆመች። ረዥም ጊዜ ዝም አለች።

"መቋሚያ ሰጥተውታል" አለች።

ማሕሌት ቆማ ያደረች ሰው ይህን ቃል ስትል ትርጉሙ ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ደብተራ ብብቱን መቋሚያው ላይ ጣል አድርጎ ትንሽ የሚያርፈውን ዓይነት ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ዛፉ ለእኔም ሌላ ነገር መምሰል አቃተው። ፎቶ ላነሳ ስል ግን እማዬ ተጎንብሳ ከቅርንጫፉ ሥር ገብታለች። ድጋፉና ቅርንጫፉ የሚገናኙበትን ቦታ እየመረመረች ነው።

"እይማ! ቅርፊቱን እንዳይልጠው መሐሉ ላይ አልብሰውታል።" ማሰሪያውን በጣቷ ተከተለች። "እኔ ይሄን አላሰብኩም።"

"ምኑን?" አልኳት።

"ምንም። እንሂድ።"

ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ አትክልተኛ ሌላ ማጹ ላይ ወጥቶ አሮጌውን መርፌ ቅጠል በእጁ ይነቅላል። በማሽን አይደለም፣ በመቀስም አይደለም። በጣት፣ አንድ በአንድ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ ነው። አንድ ዛፍ ስንት ቀን ይፈጅበት ይሆን ብዬ ሳስብ፣ እማዬ "ደመወዙ ስንት ነው?" ብለህ ጠይቀው አለችኝ። አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

የዳክዬውን ነገር ካልነገርኳችሁ አይሆንም። መሳፍንቱ እዚህ ዳክዬ ያድኑ ነበር። ከኩሬው የሚወጡ ጠባብ ቦዮች አሉ። የለመዱ ዳክዬዎች እንጨት ሲመታ ምግብ መጣ ብለው ወደ ቦዩ ይገባሉ፤ የዱር ዳክዬዎቹ ይከተሏቸዋል። ሰውዬው ከአፈር ክምር ኋላ ሆኖ በቀዳዳ ያያል። ከዚያ መረብ ነው፣ ወይም ጭልፊት። በኋላ፣ በ1935፣ ለተገደሉት ዳክዬዎች ነፍስ መታሰቢያ ድንጋይ ቆመላቸው።

"ገድለው ተዝካር ያወጣሉ?" አለች እማዬ።

ኩሬው መሐል ደሴት ላይ የሻይ ቤት አለ፤ በረጅም የእንጨት ድልድይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ የተሠራው በ1707 ነው፤ የአሁኑ በ1983 እንደገና የታነጸ ነው። ጫማ ይወለቃል። ይህ ለእማዬ ትልቅ ነጥብ አስገኘላቸው። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤ ማቻ የሚሉት የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት ተበጥብጦ ከትንሽ ጣፋጭ ጋር ቀረበ። የነቢያት ጾም ገብቶ ነበርና ጣፋጩን አልነካ አለች። አስተናጋጇን ጠየቅኩ። ከአደንጓሬ የተሠራ ነው፤ ስኳርና ትንሽ የሩዝ ዱቄት ነው ያለበት። እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። እማዬ ሁለቴ አስጠየቀችኝ። ከዚያ አማትባ በላች፤ "አደንጓሬ እንዲህ ይሆናል?" እያለች የእኔንም ወሰደች።

ማቻውን ስትቀምስ ግን ፊቷ ተጨማደደ። "ኮሶ ነው!" ያም ሆኖ ጨለጠችው። መድኃኒት ከሆነ አይተፋም አለች። (የጃፓንን የሻይ ሥርዓት ከቡናችን ጋር የሚያወዳድር ጽሑፍ እዚህ ጋ ይጠበቅብኝ ነበር። ስንቱ ጽፎታል። ይቅርብኝ።)

የሃማሪኪዩ ኩሬ ከሌሎቹ የሚለየው ውሃው የባሕር ውሃ መሆኑ ነው። ወሽመጡ ሲሞላ የውሃ መዝጊያ በሮች ይከፈቱና ባሕሩ ወደ ግቢው ይገባል። ሲጎድል ይወጣል። የኩሬው ከፍታ በቀን ውስጥ ይለዋወጣል፤ ዳሩ ይሰፋል፣ ይጠባል። ዓሣውም ከባሕር ጋር ይገባል፤ ሸርጣን አለ። በቶኪዮ ኪዮሱሚን ጨምሮ ሌሎችም እንዲህ ነበሩ። የኪዮሱሚ ኩሬ ከሱሚዳ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ አሁን የዝናብ ውሃ ነው። ከተማው ውስጥ ይህ ነገር በሕይወት ያለው እዚህ ነው።

ይህን ስነግራት ዓይኗ በራ። የሳይንስ መምህርት ናት አላልኳችሁም? 34 ዓመት ሙሉ ጨረቃ የባሕርን ውሃ ትስባለች እያለች አስተምራለች። ባሕር ሲሞላና ሲጎድል ግን አይታ አታውቅም። ጣናን ነው የምታውቀው፤ ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፣ በሰዓት አይደለም።

"እንጠብቅ" አለች።

"ምኑን?"

"ሲወርድ።"

አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ብርዱ ጀምሯል። ጋቢዋን ለሁለት አጠፈች። ዳክዬዎች አሉ፤ አሁን የሚያድናቸው የለም። ከኋላችን የፎቆቹ መስኮት አንድ በአንድ መብራት ጀመረ። እኔ ስልኬን ነበር የማየው። ባለቤቴ የሕፃኑን ፎቶ ልካለች፤ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ከዚያ የፋብሪካውን የፈረቃ ሰንጠረዥ አየሁ፤ ሰኞ እመለሳለሁ። ከዚያ ዜና። ከዚያ ሌላ ዜና።

"አየህ?"

ቀና አልኩ። ምንም የለም፤ ኩሬው ፀጥ ብሏል።

ጣቷን ወደ ዳሩ ድንጋይ ቀሰረች። ድንጋዩ ላይ ጥቁር እርጥብ መስመር ነበር፤ ከውሃው ወደ ስንዝር የሚጠጋ ከፍ ብሎ።

"ስንቀመጥ ውሃው እዚያ ነበር" አለች። "እያየሁት ሲወርድ ግን አላየሁትም።"

ሊዘጋ ነው የሚል ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ መጣ። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በባቡሩ ውስጥ ምንም አላወራችም፤ አንዴ ብቻ "በተማሪዎቹ ፊት ስል የኖርኩት ነገር እውነት ነው" አለች፣ ለራሷ ነው መሰለኝ።

ዮጹጊ ስንደርስ መሽቷል። በጠባቧ መንገድ ስንገባ የጎረቤታችን በር ላይ መብራት ነበር። ማሰሮዎቹ በመስመር ተደርድረዋል። ከመጨረሻው ማሰሮ አንድ ክሪሳንተመም ወደ መንገዱ አዘንብሎ ነበር፤ አበባው ከብዶት። አሁን ግን ቀጥ ብሏል። ሥሩ እንጨት ተተክሎለት በክር ታስሯል። በየቀኑ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ዛፍ ሲደገፍ አይቼ ስለመጣሁ ነው መሰለኝ ዓይኔ እንጨቱ ላይ ቆመ።

ማማሰያችን ነው።

ወደ እማዬ ዞርኩ። እሷ ቁልፉን ከኪሴ አውጥታ በሩን እየከፈተች ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፌ በመስኮት ሳይ እማዬ ከአሮጌ ነጠላዋ ጠርዝ ቀዳ ይዛ ወጥታለች። ተንበርክካ ክሩን ፈታች። ጨርቁን በማማሰያውና በግንዱ መሐል ጠቀለለች። እንደገና አሰረችው። ጎረቤታችን አሮጊት ከአጠገቧ ቆመው ቋጠሮውን በጣታቸው ይዘውላታል።